ሳይሰክር የሞተው መካኒክ

«ሰካራም ሞተ አሉ። ሄደሽ እይውና ፈርመሽ ተመለሺ፤ እስከ ምሳ ያልቃል» አለ አዛዡ።

ኢንስፔክተሯ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ድምፅ ሳታሰማ ትገባለች፣ የወጋችው ሰው ሕመሙ የሚሰማው በኋላ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት የምርመራ ሥራዋ «ሰካራም ነው» ተብሎ የተዘጋ መዝገብ ስፍር ቁጥር የለውም። ሰው አንዴ ሰካራም ከተባለ ቢወድቅ ራሱ ወደቀ፣ ቢደበደብ ራሱ ፈለገው፣ ቢሞት ተገላገለ ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግባታል።

ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው። የፊተኛው ክፍል የሟች ሚስት ልብስ የምትሰፋበት ሲሆን፣ አዝራር ያልተተከለላቸው የተማሪ ዩኒፎርሞች በግድግዳው ዙሪያ ተሰቅለዋል። ሬሳው በጓሮ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር።

መካኒኩ በጎኑ ተኝቷል። ዕድሜው ሃምሳ አይሞላም። ሸሚዙ ከወንዝ የወጣ ይመስል በላብ ርሷል። ግንባሩ አብጧል፤ ከንፈሩ ላይ ደም ደርቋል። ኢንስፔክተሯ ጓንቷን አጥልቃ አፉን ቀስ ብላ ከፈተች። ምላሱ በራሱ ጥርስ ክፉኛ ተነክሷል። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። የደምና የትውከት ሽታ አለ፤ የመጠጥ ሽታ የለም።

አጠገቡ የቆርቆሮ ኩባያ ተንከባሎ ወድቋል። ውኃው ብርድ ልብሱ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ደረቱ ላይ ተደፍቷል። ሰውዬው ኩባያውን አፉ ድረስ ማድረስ አቅቶት ነበር። ከግድግዳው ሥር ግን እስከ ግማሽ የጎደለ የጂን ጠርሙስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል። ዙሪያው አንድ ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም።

«ይኸው ነው የጨረሰው» አለ ከበሩ የቆመው ሰው። የሟች ሚስት ታላቅ ወንድም ነው፤ ሟች ይሠራበት የነበረው የአውቶቡስ ጋራዥም ኃላፊ። ዓይኖቹ በለቅሶ ቀልተዋል። «ከየት እንዳስገባው እንጃ። ሱስ መቼም ብልሃት አያጣም። እኛ ልናድነው፣ እሱ ሊሞት።»

«ጠርሙሱን የነካ ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም። እንዳገኘነው ነው።»

ኢንስፔክተሯ ጠርሙሱን በከረጢት አስቋጠረችና ሬሳው ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ አዘዘች። ከዚያ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

መጀመሪያ የገባችው የሟች ታላቅ እህት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ዝጉብኝ ያለው እሱ ራሱ ነው» አለች፣ ሳትጠየቅ። «እሁድ ጠዋት ገባ። ‹ብለምናችሁም እንዳትከፍቱ› ብሎ አስማለን። ይኸው ዛሬ ረቡዕ።»

«ለመነ?»

«አልለመነም ልበልሽ? ሰኞ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ የበላውን ሁሉ አወጣ። ትናንት ደግሞ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይታየው ጀመር። ‹መድኃኒቴ ይሄ አይደለም፣ መድኃኒቴን ስጡኝ!› እያለ በሩን ሲደበድብ ዋለ።»

«ምን መድኃኒት?»

«መጠጡን ነዋ! ሰካራም መጠጡን መድኃኒት ነው የሚለው። ልጄ፣ አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ። አልቅሶ ከረሜላ ያገኘ ልጅ ዕድሜ ልኩን ያለቅሳል። አልከፈትኩለትም።» ቁልፉን በጣቶቿ ጨበጠች። «‹ልሞት ነው እኮ እትዬ› አለኝ። ሙት አልኩት። በዚህ አፌ።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ገለጠች። «ክፍሉን ይፈትሹ ነበር?»

«ጠዋትና ማታ። ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ ኩባያ። ሌላ ነገር አልነበረም። ጠርሙሱ እንዴት እንዳመለጠኝ… ዓይኔ ደክሞ ይሆናላ።»

ሚስትየው ስትገባ ሰፊ ትመስል የነበረችው ክፍል ጠበበች፤ ሐዘኗ ቦታ ይይዛል። የክሊኒክ ማህተም ያለበት የወረቀት ከረጢት ይዛ ነበር። በውስጡ ብርቱካናማ፣ ደንደን ያሉ እንክብሎች አሉ።

«ሐኪም የሰጠው ነው። ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። በቀን ሦስት ጊዜ በእጄ እሰጠው ነበር፤ አንድም አላጎደልኩበት።»

«ለምን አሁን ለማቆም ተነሳ?»

ሴትየዋ ወደ ዩኒፎርሞቹ አየች። «የአውቶቡሱን አደጋ ሰምተሻል? ከሁለት ዓመት በፊት ፍሬን እምቢ ብሎት ቁልቁለት ላይ የተገለበጠው። ስድስት ሰው ሞተ። ‹ፍሬኑ ደህና ነው› የሚለው ወረቀት ላይ የባሌ ፊርማ ተገኘ። እሱ ግን ‹እኔ አይውጣ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ፊርማው የኔ አይደለም› ይላል። ማን ይስማው? ከሥራ ታገደ። ድሮም ይቀምስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቁርሱም እራቱም መጠጥ ሆነ። ለመጪው ሰኞ በአደጋ መርማሪ ጽሕፈት ቤት ቃሉን እንዲሰጥ እንደገና ቀጠሮ ተሰጥቶታል። ‹በንጹሕ አፌ እናገራለሁ› ብሎ ነው የገባው።»

«ዛሬ ጠዋት በሩ ሲከፈት ማን ነበር?»

«እኔና እትዬ፣ ወንድም ጋሼ፣ ጎረቤታችን ድሬሰሩ። ሳየው ራሴን አላውቅም፣ እየጮህኩ ወጣሁ። እትዬ ተከትላ ያዘችኝ።»

ድሬሰሩ፣ የድሮ የጤና ረዳት፣ ከአጥር ወዲያ ትንሽ የመድኃኒት መደብር ያላቸው፣ ወገባቸው የጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። ባርኔጣቸውን በጣታቸው ያሽከረክራሉ።

«ትናንት ጠርተውኝ አይቼዋለሁ። ላብና መንቀጥቀጡ መርዙ ሲወጣ ነው፣ ይበርድለታል አልኳቸው። እኔም የማውቀው እንደዚያ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«እንደገባሁ የደም ሥሩን ዳሰስኩ፤ በርዷል። ኃላፊው ‹ሮጠው ፖሊስ ይጥሩ› አለኝና ወጣሁ።»

«ጠርሙሱን አይተውታል?»

«እኔ ያየሁት ሬሳውን ነው፣ ልጄ። ሌላውን ልብ አላልኩም።»

መጨረሻ የገባው የጋራዡ ኃላፊ ነው። ወንበሩን ራሱ ስቦ ተቀመጠ፤ ቃላቱም እንደተሰለፈ ሰው ተራቸውን ጠብቀው ይወጡ ነበር።

«ከየመጠጥ ቤቱ ተሸክሜ የማመጣው እኔ ነበርኩ። እህቴን ብዬ ሁሉን ቻልኩት። እግዜር ይየው።»

«ክሊኒክ ሲሄድ አብረውት ሄደው ነበር?»

«ብቻውን ነው የሄደው። የጋራዥ ሥራ መች ፋታ ይሰጣል?»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ዘጋች። ያኔ ስልኳ ጠራ። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ነበር።

«ደሙ ውስጥም ሆዱ ውስጥም አልኮል የለም። አንድ ጠብታ የለም። ሲያንዘፈዝፈው ነው የሞተው።»

ግማሽ ጠርሙስ ጂን ጎድሏል፤ የጠጣው ሰው ግን የለም።

ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ሄደች። ሐኪሙ ፂሙን ያልተላጨ፣ እንቅልፍ የጠማው ወጣት ነው። ከረጢቱን ተቀብሎ እንክብሎቹን እጁ ላይ አፈሰሰና ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ እኮ ቪታሚን ነው! እኔ የጻፍኩት ትንሽ ነጭ ክኒን ነው። የሚያረጋጋ፣ በየቀኑ እየቀነሰ የሚወስደው።»

«ባይወስደው ምን ይሆናል?»

«ሁሉም መጠጥ እንደሚገድል ያውቃል። ለዓመታት በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ማቆሙ ራሱ ሊገድለው እንደሚችል የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።» ሐኪሙ እንክብሎቹን ወደ ከረጢቱ መለሳቸው። «መካኒክ ነኝ ስላለኝ በመኪና አስረዳሁት። አልኮል ፍሬን ነው አልኩት። ሁልጊዜ ፍሬን የተያዘበት ሰውነት ለመንቀሳቀስ ሲል ነዳጁን እየጨመረ ይኖራል። ፍሬኑን በአንዴ ስትለቀውስ? ‹ይገለበጣል› አለና ሳቀ። እንደገባው አወቅኩ።»

«እንዴት ነው የሚገለበጠው?»

«መጀመሪያ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት። ብዙዎቹ ላይ ከዚያ አያልፍም። የከበደበት ሰው ላይ ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ደግሞ የሌለ ነገር ያያል፣ ያተኩሰዋል፣ ልቡ ይሸበራል። ያን ጊዜ ትዕግሥት አያድነውም፣ ሆስፒታል እንጂ። ተኝቶ ይታከም ብዬ ነበር፤ አልጋ አልተገኘም። ስለዚህ በየቀኑ ወደዚህ እንዲያመጣው፣ ጉንዳን ታየኝ ካለ ደግሞ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል እንዲያበረው ለአስታማሚው ደጋግሜ ነገርኩት።»

«አስታማሚ ነበረው?»

«ወንድ ነው። ፊቱን አላስታውስም፤ በቀን ሰማንያ ሰው አያለሁ። ጥያቄው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ሰው ‹መቼ ይሻለዋል› ነው የሚለው። እሱ ‹መድኃኒቱን ባይወስድስ?› አለኝ። ሊሞት ይችላል አልኩት። አመስግኖኝ ወጣ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። እሷም አታውቅም ነበር። በጣቢያው እስር ቤት ጥግ ላይ ስንቱ ሰካራም ሲንቀጠቀጥ አይታ «ይበርድለታል» ብላ አልፋለች? ንዴቷ መጀመሪያ ራሷን በላት፤ ከዚያ ወደሚገባው ሰው ፊቱን አዞረ።

የአደጋ መርማሪ ጽሕፈት ቤቱ ሳይዘጋ ደረሰች። ጸሐፊው የሟችን መዝገብ አቧራውን እፍ ብሎ ሰጣት። መካኒኩ ቃሉን ሊሰጥ ሦስት ጊዜ መጥቷል። ሦስቱም ገጽ ላይ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ብቻ ሰፍሯል፦ «ሰክሮ ስለመጣ ቃሉ አልተወሰደም።»

«ሰው ሦስት ጊዜ ደጃፍህ ድረስ ሲመጣ፣ አንዴ ለምን እንደሚመጣ አትጠይቀውም?»

«የሰከረ ሰው ቃል አይወሰድም፣ ኢንስፔክተር። ደንብ ነው።»

«ማን ነበር የሚያመጣው?»

ጸሐፊው ነገራት። ጻፈችው። ከዚያ አውቶቡሱን ያስወጣውን ቅጽና መካኒኩ በዚያው ዓመት የሞላቸውን ሌሎች ቅጾች አስመጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው፤ ለረጅም ጊዜም አቀርቅራ አየቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት አራቱንም በስፌቱ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሚስትየው ማሽኑ አጠገብ፣ እህትየው ሶፋው ላይ፣ ድሬሰሩ በር ሥር ተቀመጡ። ኃላፊው ቆሞ ቀረ። ሰዓቱን ያያል።

«አይቆይም» አለችው ኢንስፔክተሯ። «ከጠርሙሱ ልጀምር። ሟች ውኃ እንኳ አፉ ማድረስ አቅቶት ደረቱ ላይ ደፍቶታል። ያ እጅ ጂን ሳያንጠባጥብ ቀድቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ አቆመው እንበል? ሆዱ ውስጥ አልኮል የለም። ጠርሙሱ ላይ የጣት አሻራ የለም፤ የሟች እንኳ የለም። ጠጥቶ የሚሞት ሰው ጠርሙሱን ወልውሎ አይሞትም።»

«ታዲያ ማን አስቀመጠው?» አለች እህትየው።

«እትዬ፣ ዓይንዎ አልደከመም። በሩን ሲከፍቱ ጠርሙሱ አልነበረም። ሚስቱ ጮኸው ወጡ፤ እርስዎ ተከተሏቸው። ድሬሰሩ ፖሊስ ሊጠሩ ተላኩ። ከሬሳው ጋር ብቻውን የቀረ አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ኃላፊው ዞሩ።

«እኔ?» ኃላፊው ሊስቅ ሞከረ። «ምን አግኝቼ?»

«እኔም ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ስጠይቅ አደርኩ። የሰካራም ሬሳ አጠገብ ጠርሙስ ማስቀመጥ ማንን ይጠቅማል? ይህ ቤተሰብ ያመነው አንድ ነገር ነበር፤ መጠጥ ይገድላል፣ ማቆም ያድናል። እንዲህ ያመነ ሰው ሬሳውን ሲያገኝ ግራ ይገባዋል እንጂ ጠርሙስ ፍለጋ አይሄድም። ጠርሙስ የሚያስፈልገው ሰውዬው የሞተው መጠጥ በድንገት በመቋረጡ መሆኑን ያወቀ ሰው ብቻ ነው። ሞቱን ወደ መጠጥ መመለስ ነበረበት።»

ቦርሳዋን ከፍታ የክሊኒኩን ከረጢት አወጣች።

«ቀጥሎ መድኃኒቱ። ሐኪሙ የጻፈው ነጭ ክኒን ነው፤ ሟች የተሰጠው፣ በዚያው ከረጢት ተለውጦ የገባው፣ ይህ ነው።» ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። «‹መድኃኒቴ ይሄ አይደለም› እያለ ሲጮኽ እውነቱን ነበር። ቃል በቃል እውነቱን ነበር! ሰካራም ስለሆነ ግን የሰማው የለም።»

እህትየው አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ድሬሰሩ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። አንዱን እንክብል አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡት። «ይሄ እኮ የኔ ነው። ባለፈው ሳምንት የሸጥኩት።» ቀስ ብለው ወደ ኃላፊው ዞሩ። «ለጋራዥ ሠራተኞች ነው አላልከኝም?»

«ሽማግሌ ምኑን ያስታውሳል!»

«ባርኔጣዬን እረሳ ይሆናል እንጂ የሸጥኩትን መድኃኒት አልረሳም፣ አንተ ሰው!»

«እሺ፣ ቪታሚን ገዛሁ! ቪታሚን ወንጀል ነው?» ኃላፊው ድምፁን ከፍ አደረገ። «እኔ ሐኪም አይደለሁም! መጠጥ ማቆም ሰው እንደሚገድል እኔ ምን አውቄ? ማን ነገረኝ?»

«እኔ ነገርኩዎት።»

የውስጠኛው መኝታ ክፍል መጋረጃ ተገልጦ ወጣቱ ሐኪም ወጣ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ነበር።

«ድምፅዎን ለየሁት» አለ ሐኪሙ። «‹መድኃኒቱን ባይወስድስ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እንዲህ ፊት ለፊት ቆመን ‹ሊሞት ይችላል› ብዬ መለስኩልዎት።»

ኃላፊው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ምክንያቱን ደግሞ እኔ ልጨምር» አለች ኢንስፔክተሯ። ቅጾቹን አወጣች። «ይህ መካኒክ በዚያ ዓመት ከሞላቸው መቶ ምናምን ቅጾች አንዱም ንጹሕ አይደለም። ሁሉም ላይ የግሪስ የጣት አሻራ አለ፤ ፍሬን ፈትቶ እጁን ሳይታጠብ ነው የሚፈርመው። አውቶቡሱን ያስወጣው ቅጽ ግን ነጭ ነው። ቢሮ ውስጥ፣ በታጠበ እጅ የተፈረመ። ከሥሩ ያለው የኃላፊው ፊርማም በዚያው ቀለም ነው።»

«ተሳፋሪ ተሰልፎ ነበር» አለ ኃላፊው፣ ድምፁ ወርዶ። «አንድ ጉዞ ብቻ ነበር። ማታ ይሠራል ብዬ ነው።»

«ከዚያስ? ሰውዬው እውነቱን ሊናገር በተነሳ ቁጥር ጽሕፈት ቤቱ ድረስ በመኪናህ ወሰድከው፣ በመንገድ ላይ እያጠጣህ። ጸሐፊው ‹ደግ ሰው፣ ደግፎት ይመጣል› ነው ያለኝ። ሰክሮ እስከኖረ ድረስ ቃሉ ቃል አልነበረም። መጠጡን ተወ ማለት ግን ሊሰማ ነው።» ነጩን ቅጽ ፊቱ አቀረበችለት። «አምኖህ ሐኪም ቤት ይዞህ ሄደ። እንዴት እንደሚድን ስትሰማ እንዴት እንደሚሞት ተማርክበት!»

ሚስትየው ተነሳች። ወንድሟ ፊት ቆማ እጆቿን ዘረጋች፤ በመርፌ የተበሳሱ፣ የደደሩ ጣቶች።

«በነዚህ ነው ያጎረስኩት፣ ወንድም ጋሼ። በቀን ሦስት ጊዜ። ‹ዋጥ፣ ይሻልሃል› እያልኩ። በኔ እጅ ነው የገደልከው።»

«እህቴ…»

«አትጥራኝ። እናታችን ብትኖር አንተን ወለድኩ ብላ አፏን አትሞላም ነበር።»

ፖሊሱ ካቴናውን አጠለቀለት። ሲወጣ ማንም አልተከተለውም።

እህትየው ቁልፉን ከአንገቷ ለማውለቅ ስትታገል ክሩ ጸጉሯ ላይ ተጠመጠመ። ኢንስፔክተሯ ረዳቻት።

«እኔስ?» አለች አሮጊቷ። «ብከፍትለት ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ኢንስፔክተሯ ማጽናኛ ፈለገች፤ የሚያምር ውሸት ብቻ አገኘች።

«ሆስፒታል ቢደርስ ይተርፍ ይሆን ነበር። አልዋሽዎትም። ግን እርስዎ አላወቁም፤ እንዳያውቁ ያደረገዎት ሰው ግን ያውቅ ነበር። ፍርድ ቤት ሲጠይቅዎት ‹መድኃኒቴን› ብሎ መጮኹን ይናገሩለት። ወንድምዎ አሁን የሚፈልገው ያንን ነው።»

ሰኞ ዕለት በአደጋ መርማሪ ጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ የስድስቱ ሟቾች ቤተሰቦች ተሰብስበው ነበር። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባለጉዳዩ በሞት ስለተለዩ ቃላቸው…»

ኢንስፔክተሯ ከኋላ ወንበር ተነሳች። «ሦስት ጊዜ በእግሩ ሲመጣ አልወሰዳችሁም። ዛሬ ትወስዳላችሁ። ብዕርህን አንሳ።»

ጸሐፊው ወደ ሰብሳቢው አየ። ሰብሳቢው ዓይኑን ሰበረ። ብዕሩ ተነሳ።

ሚስትየው ቆማ ተናገረች። ባሏ ፍሬኑን ፈትቶ እንዳየው፣ «አይውጣ» ብሎ እንደጻፈ፣ ያ ወረቀት ጠፍቶ ሌላ እንደመጣ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ለመሰማት ብሎ መጠጡን እንደተወ፣ እንዴት እንደሞተም። አላለቀሰችም። ጸሐፊው ሲዘገይባት «ልድገምልህ?» እያለች ጠበቀችው።

ስትጨርስ ከፊተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ተነሳች። ልጇ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ሞታባታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በመካኒኩ ደጃፍ ባለፈች ቁጥር ምራቋን ትተፋ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን በወንበሮቹ መካከል ሹልክ ብላ መጥታ ከሚስትየው ጎን ቆመች።

«የተቀበረበትን አሳዪኝ» አለች።

ሚስትየው ቦርሳዋን አንስታ ቀድማ ወጣች፤ ሴትየዋ እንድትከተላት በሩን በእጇ ይዛ።